እትዬ ብርቄ ሲወጡ የሚጠፋው መስመር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ወልዴ አንድ የኮምፒዩተር ስክሪን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ይቺን እያት» ብለውኝ ወጡ። ያኔ ሐዋሳ ውስጥ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ከቴክኒክ ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ይዤ የወጣሁ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ከራዲዮና ከቴፕ ጥገና ተነስተው ወደ ኮምፒዩተር የተሻገሩ፣ ጣታቸው በብየዳ የጠቆረ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ።

ስክሪኑን ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ አልበራም። ካቻቪቴዬን አንስቼ ጀርባውን ፈታሁት። ፊውዙን ለካሁ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ጋሽ ወልዴ ሲመለሱ «ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«ፓወር ሰፕላይዋ ሳይሞት አልቀረም።»

ገመዱን ነቅለው እሳቸው ጠረጴዛ ጋ ያለው ሶኬት ላይ ሰኩት። በራ። የሞተው የኔ ሶኬት ነበር፤ ጠዋት እሳቸው ራሳቸው ሽቦውን አላቅቀውታል።

«ተበላሽታለች ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እያት ነው ያልኩሽ። ብልሽቱን በዓይንሽ ሳታዪ ማሽን አትክፈቺ።» ከዚያ ሁለተኛ ሕጋቸውን ነገሩኝ። «ደንበኛ ቤት ሳትደውዪ አትሂጂ። ሰው ቤቱን ሳያሰናዳ እንግዳ ከገባበት ይሸማቀቃል።» ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጻፍኳቸው። አንድ ቀን እርስ በርስ እንደሚጋጩ ግን አላሰብኩም።

ሦስት ዓመት ተለማማጅና ረዳት ሆኜ ሠራሁ፤ ከዚያ ቴክኒሻን ተባልኩ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ኢሕአዴግ በየስብሰባው ስለ ቴክኖሎጂ በሚያወራበት ዘመን፣ የሥራችን ግማሹ ቫይረስ ማጽዳት ነበር። ተማሪው ጥናታዊ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ከአንዱ የትየባ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ቫይረሱም አብሮት ይዞራል። አንዱን ኮምፒዩተር ሰኞ አጽድቼ ብመልስ ዓርብ ዕለት ተመልሶ ይመጣል።

እትዬ ብርቄን ያወቅኋቸው በዚህ ነው። ባለቤታቸው በእርሻ መሥሪያ ቤት ተመድበው ሲመጡ አብረው ከወሎ መጥተው ሐዋሳ የቀሩ፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉና እሳቸውም ጡረታ ከወጡ በኋላ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ ለተማሪዎች ጽሑፍ ይተይባሉ። ቁልፎቹን ሳያዩ በአሥር ጣት ነው የሚጽፉት፤ እኔ በሁለት ጣት ስጽፍ ሲያዩኝ ያዝኑልኝ ነበር።

በወር አንድ ጊዜ ማሽናቸውን ማጽዳት ሲሰለቸኝ ሊኑክስ ጫንኩላቸው። ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ የኮምፒዩተር ማስኬጃ ነው፤ እነዚያ የፍላሽ ቫይረሶች አይሠሩበትም። የዚያን ጊዜ ሐዋሳ ውስጥ በቤት ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ የሚጭን ብዙ ሰው አልነበረም፤ እኔም ኮራሁበት። «ይቺ ማሽን ከእንግዲህ አትታመምም እትዬ» አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ።

ማሽኗ አሮጌ ስለሆነች ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ትፈጃለች። ስለዚህ ለሃያ ደቂቃ ካልተነካች ራሷ እንድትተኛ አደረግኋት። ስትተኛ ስክሪኗ ይጠፋል፤ አንድ ቁልፍ ሲነኩ ደግሞ ያቆሙበት ገጽ ላይ ትነሳለች። እትዬ ብርቄ ይህን በጣም ወደዱት። ሥራቸውን ሲጨርሱ ራሳቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ያለብሷትና ይወጣሉ። ስክሪኗ ስለሚጠፋ «ዘጋኋት» ነበር የሚሉት።

በዚያው ሳምንት ከጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት መምህር ላሚሶ የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ ከባለቤቱ ከምሕረት ጋር ተከራየ። እትዬ ብርቄ «የኢንተርኔት መስመሩን እሱም ይጠቀም» አሉኝና ግድግዳ በስቼ ገመድ ዘረጋሁለት። ኢንተርኔቱን ለየኮምፒዩተሩ የሚያከፋፍለው ራውተር ለገመድ አራት በሮች አሉት። አንዱ ላይ የእትዬ ብርቄ ኮምፒዩተር፣ አንዱ ላይ የልጃቸው የሕይወት ላፕቶፕ፣ አንዱ ላይ የመምህሩ ገመድ ተሰካ። አራተኛው ባዶ ነው። ጎረቤት እንዳይጠልፈው ብዬ ገመድ አልባውን ዋይፋይ ዘጋሁት። ማታ ከመተኛታቸው በፊት እትዬ ብርቄ ራውተሩን ከሶኬት ይነቅሉታል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሕይወት ደወለችልኝ። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ከቤት ሆና ሪፖርት የምትሠራ ልጅ ናት። «አስቱ፣ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ድርግም ይላል፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳል» አለችኝ።

ደውዬ ቀጠሮ ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ተጠርጎ፣ ዳንቴሉ ተነስቶ፣ ኮምፒዩተሯ በርታ ጠበቀችኝ። ራውተሩ ላይ አቧራ እንኳ የለም። መስመሩን ሞከርኩት፤ እንደ ጅረት ይፈስሳል። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። በሳምንቱ እንደገና ተጠራሁና ራውተሩን በሌላ ቀየርኩት። ያኔም እኔ ባለሁበት ምንም አልጠፋም።

በሦስተኛው ጊዜ እትዬ ብርቄ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አስቱ ልጄ፣ እኔ ስወጣ ይጠፋል፤ ስመለስ ይመጣል። ይኼ የዕቃ ጠባይ ነው?» አሉኝ።

ምክንያቱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ከበደኝ፤ በሦስት ጉዞ አንድም ነገር ሳላገኝ ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት። ማሽኗን ደግሞ ለአፍታም አልጠረጠርኳትም፤ የእጄ ሥራ ናት። «የዕቃ አይመስልም እትዬ» አልኩ። «አንድ ሰው ፊልም የሚያወርድ ከሆነ መስመሩን ብቻውን ይይዘዋል።»

ከእናትና ከልጅ ሌላ በዚያ ግቢ ኢንተርኔት ያለው የመምህር ላሚሶ ቤት ብቻ ነው። እትዬ ብርቄ ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ ሰርቪሱ አዩ። አየኋቸው፤ ዝም ብዬ ፒንሳዬንና ቴስተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ስልክ አልተደወለም። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መምህር ላሚሶ ሱቅ መጣ። እሱም እኔም ሠላሳ ገደማ ነን፤ ገመዱን ስዘረጋለት አንቺ አንተ ተባብለን ስንሳሳቅ ነበር። ያን ቀን ግን አንቱ ብሎ ነው ያናገረኝ።

«ገመዴን እንዲነቅሉልኝ ነው የመጣሁት።»

«ለምን?»

«በወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቅ ተብያለሁ። ከመውጣቴ በፊት ገመዴ ተነቅሎ መስመሩ ሲጠፋ እትዬ ብርቄ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ከወጣሁ በኋላ ቢጠፋ መጥቶ የሚነግረኝ የለም።»

እሱ ቀጠለ። «ባለቤቴ አራስ ናት፤ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። እትዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ሆነው እንኳን በሰላም ተገላገልሽ አላሏትም። የኔም መስመር አብሮ ይጠፋል ብላቸው፣ ቴክኒሻኗ ሰው ነው ብላለች አሉኝ። እንዲህ ብለዋል?»

«ብያለሁ» አልኩ።

«አይተው ነው?»

«አላየሁም።»

ፊቴን እሳት በላው። ጋሽ ወልዴ ከውስጥ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። መምህሩ ሲወጣ መነጽራቸውን አወለቁና «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉኝ። «ሌላ ሥራ አልሰጥሽም። ይቺን ሳትጨርሺ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አትቀመጪ።» ለወሩ መጨረሻ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። እኔም ወሩ ሳያልቅ ብልሽቱን አግኝቼ ስሙን እመልስለታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

የዚያኑ ቀን ሄጄ የመምህር ላሚሶን ገመድ ከራውተሩ ነቀልኩት። በማግስቱ ከሰዓት ሕይወት ደወለች፤ መስመሩ እንደለመደው ጠፍቷል። ደስ ብሎኝ በባጃጅ በረርኩ፤ ስደርስ ግን እትዬ ብርቄ ተመልሰው መስመሩም መጥቶ ነበር። ገመዱ ተንጠልጥሎ እያሳየኋቸው «ይኸው እትዬ፣ እሱ የለበትም» አልኩ።

እትዬ ብርቄ ገመዱንም እኔንም አዩ። «ፊዚክስ የተማረ ሰው አይደል? አንዳች ነገር አስገብቶበት ይሆናል እንጂ» አሉ። በክፋት አልነበረም። በባለሙያ አፍ የተነገራቸውን ይዘው ነው፤ ባለሙያዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ። እሱ አለመሆኑን ማሳየት ብቻ እንደማይበቃ ያኔ ገባኝ። ማን እንደሆነ ማሳየት ነበረብኝ። የመምህሩን ገመድ መልሼ ሰካሁት።

በዚያው «ነገ መጥቼ ውዬ አየዋለሁ» ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ራውተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እትዬ ብርቄ ሁልጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ወይም ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን አልወጡም። ዶሮ ሠሩልኝ። ስበላ «ምነው አነሳሽ» እያሉ ጨመሩልኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው ሲተይቡ ዋሉ። መስመሩም አንዴ እንኳ አልጠፋም።

በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው ሆነ። «እትዬ፣ በእኔ ምክንያት አይቅሩ፤ ይሂዱ» አልኳቸው።

«እንዴት ተደርጎ? እንግዳ እቤት ትቼ ብወጣ ሰው ምን ይለኛል? ባይሆን እመብርሃን ትረዳኛለች።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ብልሽቱ የሚመጣው እሳቸው ሲወጡ ነው፤ እኔ ካለሁ ደግሞ አይወጡም። በዚህ ዓይነት እስከ ዓመት ዶሮ እየበላሁ ብቀመጥ ምንም አላይም። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀረው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ በሩ ስሄድ መምህር ላሚሶ ሰርቪሱ ፊት ለፊት የሕፃን ጨርቅ ሲያሰጣ አገኘሁት። ገብቼ ምሕረትን እንኳን በሰላም ተገላገልሽ አልኳት። ወንድ ልጅ ነው፤ አንድ ጡጫውን አፉ ውስጥ ከቶ ይተኛል። ልብስና ድስት በካርቶን ታስሮ ግድግዳ ሥር ተደርድሯል። «ጌታ ያውቃል» አለች ምሕረት ካርቶኖቹን እያየች።

ያኔ ነው ከሁሉ ነገር በፊት መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅሁት። «እናንተ ቤት ሲጠፋ እንዴት ነው የሚጠፋው?»

መምህር ላሚሶ ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ገብቶ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አመጣ። ለቤተ ሙከራ እንደሚያሰምሩት በማስመሪያ አስምሮታል። ቀን፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ አስተያየት። ሠላሳ ያህል መስመር ተሞልቷል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ላይ «አልጠፋም» ይላል።

«ይኼን ለምን አላሳዩኝም?»

«አልጠየቁኝም» አለ። «መጀመሪያ ቆይ ልሙላው አልኩ። ከዚያ በኋላ ሱቅ መጥቼ ሳናግርዎትም ገመዱን ብቻ ነው የሰሙኝ።»

አስተያየት ከሚለው ሥር «በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ አከራይዋ ወጡ» እያለ የሚወጡበትን ሰዓት ሁሉ ጽፏል። ወጡ 9፡00፣ ጠፋ 9፡21። ወጡ 9፡10፣ ጠፋ 9፡31። አንድ ቅዳሜ ወጡ 7፡05፣ ጠፋ 7፡26። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃና ትንሽ ነው።

ሃያን አውቀዋለሁ። በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት።

በቀጥታ ወደ ትልቁ ቤት ሮጬ መናገር አማረኝ። ግን አሁንም ያየሁት የተጻፈ ሰዓት እንጂ ብልሽቱን አይደለም። አንድ ጊዜ ሳላይ ተናግሬ ይህን ሁሉ አመጣሁ፤ ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ እንዲሉ። ምላሴን ያዝኩ። ለመምህር ላሚሶ «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ይሁኑ፤ ለእትዬ አይንገሩ» ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ የጋሽ ወልዴን ሁለተኛ ሕግ ጣስኩ። ሳልደውል ሄድኩ። ባጃጅ ተራው ጋ ቆሜ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጠበቅሁና በሩን አንኳኳሁ። ሕይወት በቤት ልብስ፣ ራሷን በሻሽ አስራ ከፈተችልኝ። ወለሉ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተበትኗል፣ ወንበሩ ላይ ልብስ ተከምሯል። «ምነው ሳትደውዪ አስቱ?» አለች፤ ቅር ብሏት ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤቱን ሳይሰናዳ ማየት አለብኝ።»

ኮምፒዩተሯ ዳንቴሏን ለብሳለች። ሕይወት ላፕቶፗ ላይ ተቀመጠች፤ መምህር ላሚሶ በሰርቪሱ በር በኩል ይታየኛል። እኔ ወለሉ ላይ ራውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። መብራቶቹ እንደወትሮው እየተጣደፉ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ ተያይዘው ቀጥ አሉ።

«ሄደ» አለች ሕይወት። «ጠፋ» አለ መምህር ላሚሶ ከውጭ።

ዳንቴሉን በሁለት ጣት ገለጥኩት። ስክሪኑ ጨልሟል። የማሽኗ አንዲት ትንሽ መብራት ግን በርታ ትጠፋለች፣ በርታ ትጠፋለች። ቁልፍ አልነካሁም። ከራውተሩ የእሷን ገመድ ብቻ ነቀልኩ።

«መጣ» አለች ሕይወት። ወዲያው ከውጭም «መጣ» ተባለ።

መልሼ ሰካሁት፤ ትንሽ ቆይቶ ሄደ። ነቀልኩት፤ መጣ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ሦስት ጊዜም መምህር ላሚሶ ሰዓቱን ጻፈ።

ለምን እንደሆነ በኋላ አንብቤ አገኘሁት። የኔትወርክ ካርድ፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበት የኮምፒዩተሩ ክፍል፣ መልእክት ሲበዛበትና መቀበል ሲያቅተው ለራውተሩ «ቆዩኝ» የሚል ምልክት ይልካል። ነቅቶ ሲሠራ ይህ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። የእትዬ ብርቄ ማሽን ግን ስትተኛ ካርዷ ነቅቶ ይቀራል፤ የሚመጣውን የሚያነሳለት ስለሌለ ይሞላና «ቆዩኝ» ማለቱን አያቋርጥም። ርካሹ ራውተር ደግሞ እሷን ብቻ በማስቆየት ፈንታ ሁሉንም በሮች ያስቆማል። ስትነቃ ካርዷ ዝም ይላል፤ ቤቱም መስመር ያገኛል። እትዬ ብርቄ እኔን ለመቀበል ዳንቴሉን ባነሱ ቁጥር ብልሽቱን ከፊቴ ያነሱልኝ ነበር።

እትዬ ብርቄ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ቤታቸው ሳይጠረግ፣ እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ መምህር ላሚሶ ደብተሩን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዩ ደነገጡ። እሱ ወር ሙሉ እዚያ ቤት አልገባም ነበር። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ አሳየኋቸው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አሉ ቀስ ብለው።

«አይደሉም እትዬ። ማሽኗ እንድትተኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰው ነው ያልኩትም እኔው ነኝ። መምህሩ ምንም አላደረጉም።»

ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ የአራስ በር ሳልረግጥ አስቀረሽኝ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መፍትሔው አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ካርዱን «ቆዩኝ» እንዳይል ይከለክለዋል። ጻፍኩትና ሄድኩ። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኗ ትእዛዙን ረስታዋለች፤ መስመሩም እንደገና ጠፋ። ተመልሼ ትእዛዙ ማሽኗ በተነሳች ቁጥር ራሱ እንዲሠራ አደረግሁ። መተኛቱንም ጭራሽ አጠፋሁት። ሦስት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየሄድኩ፣ ሳልደውል፣ እትዬ ብርቄ በሌሉበት ተቀምጬ አየሁ። አልጠፋም።

በሦስተኛው ቀን መምህር ላሚሶ ደብተሩን ዘርግቶ ሰጠኝ። «ምክንያቱን በእጅዎ ይጻፉልኝና ይፈርሙ» አለ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የእትዬ ብርቄ ኮምፒዩተር ስትተኛ የራውተሩን በሮች ታቆማለች። እንድትተኛ ያደረግኋት እኔ ነኝ። የመምህር ላሚሶ ገመድ ምንም አላደረገም። ሳላይ ተናግሬያለሁ።»

አነበበው። «ማህተም አላችሁ?» አለኝ።

አልቀለደም። አዲሱ አከራዩ እዚያው ታቦር ነው፤ ወሬው ደርሶታል። ደብተሩን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ማህተሙን ከመሳቢያ አውጥተው ፊርማዬ ላይ መቱበት። «ይህን ማህተም ስንት ዓመት ለደረሰኝ ብቻ ሳደርገው ኖርኩ» አሉ።

እትዬ ብርቄ ያጠፉትን ለመካስ ጊዜ አልፈጁም። ብልሽቱ በተገኘ ማግስት ጠዋት ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤውን መሐል ላይ ሞልተው ሰርቪሱ ገቡ። ምሕረትን አቅፈው አለቀሱ ብላ ሕይወት ነገረችኝ። መምህር ላሚሶንም «ይቅር ይበሉኝ፤ ቤቱ ቤታችሁ ነው፤ ከዚህ የትም አትሄዱም» አሉት።

«ይቅር ብያለሁ እትዬ» አለ። «ሌላ ቤት ግን ቃል ሰጥቻለሁ። ተባርሬ ሳይሆን ለቅቄ ልውጣ።»

ወሩ ሲያልቅ ወጡ። ያን ቀን ካርቶን ልሸከም ሄድኩ። ሕፃኑን እስከ ባጃጁ የታቀፉት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ምሕረት ተቀምጣ እጇን እስክትዘረጋለት ድረስ አልሰጧትም። መምህር ላሚሶ ከሹፌሩ ጎን ሊቀመጥ ሲል ዞር ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። «ደህና ሁኚ አስቴር» አለኝ። አንቺ ያለኝ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ገና ያን ቀን ነው።

ሰርቪስ ቤቱ ብዙ ወራት ባዶውን ቆየ። እትዬ ብርቄ ተከራይ ሲመጣ «ቆይ፣ ላስብበት» እያሉ ይመልሱት ነበር።

ጋሽ ወልዴ ካረፉ በኋላ ሱቁን እኔ ነኝ የያዝኩት። አብረውኝ ለሚሠሩት የመጀመሪያውን ሕጋቸውን እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛውን ትንሽ ለውጬዋለሁ፤ መጀመሪያ ደውላችሁ ሂዱ፣ ብልሽቱን ካላገኛችሁት ሳትደውሉ ሂዱ እላለሁ። አንድ ሕግ ከራሴ ጨምሬያለሁ። አንድ ቤት ስትገቡ መሣሪያችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ማን ነው ያበላሸው የሚባለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን ሲነግሯችሁ ሂዱና ያንን ሰው አነጋግሩት። ብዙውን ጊዜ ብልሽቱን ከሁሉም በላይ ያየው እሱ ነው።